መዝገቡ አልከፈት ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም አልተከፈተም። የእድራችን ጸሐፊ ዘይነብ ከጠዋት ጀምራ ስትደውል አላነሳሁላትም። ሱግ፣ ገበያው ውስጥ ባለችው ሱቄ የሰው ስልክ ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በከንፈሬ ይዤ ነበር። በመጨረሻ «ሙሉ፣ አንዲት እናት መጥታለች፤ እኔ ፊቷን ማየት አልችልም» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ሱቁን ዘግቼ ወደ እድሩ ቢሮ ሄድኩ።

እዚህ ገዳሪፍ የሚሞቱ ያገራችንን ሰዎች የሚቀብረው እድራችን ነው። መቃብሩ ላይ ስም የለም፤ የእንጨት መስቀሎቹን ሰው እየነቀለ ማገዶ ስላደረጋቸው ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ብቻ ይተከላል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ቢሮ ያለው መዝገብ ነው። መዝገቡ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ ጸሐፊዎቹ በሦስት ስክሪን ይሠሩበታል። ይሠሩበት ነበር ማለት ይሻላል። አሁን ፕሮግራሙን ሲነኩት «ፈቃድ የለዎትም» ብሎ ይዘጋል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልጻፈው፤ ማስታወሻ ላይ እንኳን የማይዋሽ ሰው ልሁን። ፕሮግራሙን የሠራው ጋሼ አየነው ነው። ኮምፒውተር ያስተማረኝም እሱ ነው። መስከረም አምስት አረፈ። እሱ እያለ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ጠዋት የሚገቡት በእሱ አካውንት ነበር። የይለፍ ቃሉን ለጠየቀው ሁሉ ሰጥቶታል፤ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። በሞተ በሳምንቱ ባለቤቱ እትዬ ውዴ ወንበሩ ላይ የቀረ ጃኬቱን ልትወስድ መጣች። ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ አየነው» የሚለውን አየች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች አሉኝ። ሊቀመንበራችን አቶ ዳኛው በዚያው ቀን ሰርቨሩን ለማስተዳድረው ለእኔ ደውለው፣ አርባው እስኪወጣ ስሙ ስክሪን ላይ እንዳይታይ፣ አካውንቱ ይዘጋ አሉ። ዘጋሁት። ለሦስቱም ጸሐፊዎች በየስማቸው ከፈትኩላቸው፣ ተራ ተጠቃሚ አድርጌ። ከሱቄ ሆኜ ነው ይህን ሁሉ የሠራሁት። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሟች በወረቀት ነው የሚጻፈው። ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ ስል ከረምኩ።

እናትየዋ እማማ ዝማም ይባላሉ፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከመተማ ናቸው። ልጃቸው አምና ሰሊጥ ሊያጭድ ፋሽጋ እርሻ ገብቶ ታመመ። ጓደኞቹ ገዳሪፍ አምጥተውት እዚሁ ሞተ። ሙት ዓመቱ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ቀኑን ግን በእርግጥ አያውቁም። ከመቃብሩ አንድ እፍኝ አፈር ይዘው ሊመለሱ መጡ። ያመጣቸው ሎሪ ቅዳሜ ወደ ድንበሩ ከተማ ገላባት ይመለሳል። ለፍለጋ የሚረዳን የልጃቸው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ ወልደ ሚካኤል። መዝገባችን በክርስትና ስም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቄሱ የሚፈቱት በእሱ ስለሆነ። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው አንዲት ቁጥር ናት።

«ታገኚልኛለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። አፌን ምን አስቸኮለው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የተሞከሩ፦

ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት። ምንም።

ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን። ምንም። ግማሽ ቀን በላ፤ መብራትም ሁለት ጊዜ ሄደ።

ዘይነብን ለጊዜው አስተዳዳሪ ማድረግ። አሰብኩትና ተውኩት። ለሁሉም ቁልፍ ማደል አይደል እዚህ ያደረሰን።

ከሰዓት በኋላ ገባኝ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የራሱ ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ ተራ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ የጋሼ አካውንት ግን የአስተዳዳሪ ነበር። ለጸሐፊዎቹ የመጻፍ ፈቃድ ሰጠሁ። ዘይነብ ነካችው፣ ተከፈተ። እልል ልትል ስትል እጇ አፏ ላይ ቀረ።

መዝገቡ ባዶ ነው። ከታች «የተመዘገቡ፦ 0» ይላል።

በእኔ አካውንት ገብቼ ከፈትኩት። ዜሮ። የእኔ እኮ አስተዳዳሪ ነው፣ ሁሉንም ያያል። የስንት ዓመት ሟች፣ የስንት እናት ልጅ ያለበት መዝገብ። ዘይነብ «ያ ረቢ» ብቻ ነበር የምትለው።

እማማ ዝማም ደጅ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሳልፍ ቀና ብለው ያዩኛል፤ አይጠይቁም። ቢጠይቁኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አልጠፋም። ተመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በከፈተው ሰው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። ዘይነብ ስትከፍተው ለእሷ አዲስ ባዶ መዝገብ ፈጠረላት፤ ለእኔም እንደዚያው። ለዓመታት ሁሉም በጋሼ አየነው ስም ስለሚገባ ማንም ይህን አላወቀም። የገዳሪፍ ሟቾች በሙሉ በአንድ ሰው ጓዳ ውስጥ ነበሩ።

እሱ ግን ያውቅ ነበር። አምና በዚህ ወር «ሙሉዬ፣ ይህ መዝገብ በእኔ ስም መሆኑ ጥሩ አይደለም፤ እኔ ብታመምስ? ወደ ጋራ ቦታ አውጪልኝ፣ የእኔ ዓይን ደክሟል» ብሎኝ ነበር። ነገ እሠራዋለሁ አልኩት። በሁለተኛውም ወር ጠየቀኝ። ነገ። ከዚያ መጠየቅ ተወ፤ ሰው ማስቸገር አይወድም።

አስተዳዳሪ ስለሆንኩ የእሱን ፎልደር በግድ መክፈት እችላለሁ። አካውንቱንም መልሼ ልክፈተው ብል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እጄ ማውሱ ላይ ሆኖ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነስቼ አቶ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ከአርባው በፊት እኔ አልፈቅድም፤ የሞተ ሰው ጓዳ የሚከፈተው በባለቤቱ ቃል ነው፤ እትዬ ውዴን ሄደሽ ጠይቂ አሉ።

ይኸው እንግዲህ፣ የምሸሸው መጣ። እኔ እኮ እትዬ ውዴን ለቅሶ አልደረስኳትም። ጋሼ አየነው ሲሞት መፋዛ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ለቀብሩ አልደረስኩም። በማግስቱ ስመለስ አፈርኩ። ቀብር ያልደረሰ ሰው ለቅሶ ቢደርስ ምን ይላል? በሦስተኛው ቀን እሄዳለሁ አልኩ፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው። በዘገየሁ ቁጥር ደጁ እየራቀኝ ሄደ። አሁን ልደርስ የምሄደው ሥራ ይዤ ነው። ለጉዳይዋ መጣች ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? እውነት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ የዚህን አገር ባጃጅ፣ ረክሻ ያዝኩ። ቤቷ ጋ ስደርስ ባለረክሻውን ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዙርልኝ አልኩት፤ ዞረ፤ እንደገና ዙር ስለው አወረደኝ።

እትዬ ውዴ ለብቻዋ ምስር ትለቅም ነበር። ስታየኝ ትሪውን አስቀመጠች። ልናገር አልኩ፣ አልወጣም። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለጋሼ ይሁን ለሐፍረቴ አላውቅም። እሷ ናት የተነሳችው፤ አንገቴን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። ሳልመጣ መቅረቴን አላነሳችም። «በመጨረሻው ቀን፣ ሙሉዬ እየመጣች ነው ወይ እያለ ነበር» ብቻ አለችኝ። ይህን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

የመጣሁበትን ስነግራት ፈራሁ። ስለ እማማ ዝማም፣ ስለ ሎሪው፣ መዝገቡ በእሱ ጓዳ ስለመቅረቱ ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፦

«አየነው በሕይወቱ በር ዘግቶ አያውቅም። ክፈችው። ግን ስሙ እዚያ ኮምፒውተር መስኮት ላይ እንኳን ደህና መጡ ተብሎ አይምጣብኝ። እሱን አልችለውም።»

ስሙ አይመጣም አልኳት። ማልኩላት። አካውንቱ እንደተዘጋ ይቀራል፤ መዝገቡ ብቻ ወደ ጋራ ቦታ ይወጣል። ከዓመት በፊት የለመነኝን ማለት ነው።

ልወጣ ስል «ምሳ በልተሽ ነው የምትሄጂው» አለች። በላሁ። እምቢ ለማለት ምን ፊት አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የዛሬው ረጅም ነው፤ እጄ እየዛለ ነው የምጽፈው።

የጋሼን ፎልደር ከፈትኩት። የልጆቹ ፎቶ፣ የእድሩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ «ለሙሉ» የሚል አንድ ፋይል። ሌላውን አልነካሁም። «ለሙሉ»ን ከፈትኩት። መዝገቡን እንዴት ማዛወር እንዳለብኝ ደረጃ በደረጃ ጽፎልኛል። ተመችቶኝ እስክመጣ አዘጋጅቶ ጠብቆኛል። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ለጸሐፊዎቹ አንድ የጋራ ፎልደር አበጀሁ። ለሦስቱም የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ፣ ከዚያ ፎልደር ውጭ ምንም። መዝገቡን አዛወርኩት፣ ፕሮግራሙም እዚያ እንዲፈልግ አዘዝኩት። ዘይነብ ከፈተችው። «ፈቃድ የለዎትም»። ወደ ጋሼ ጽሑፍ ተመለስኩ፤ ለካ በጥድፊያ አንድ መስመር ዘልያለሁ። ፋይሉ ሲዛወር የቆየውን ፈቃድ ይዞ ይሄዳል፤ ቤት ቀይሮ ባለቤቱ ያው እሱ ነው። ፈቃዱን ከፎልደሩ እንዲወርስ አደረግኩ።

ተከፈተ። በተራ ተጠቃሚ፣ በዘይነብ ስም፣ ሙሉ መዝገቡ። ዘይነብ «ኸላስ፣ አለቀ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

እማማ ዝማምን ጠራናቸው። ወልደ ሚካኤል ብለን ፈለግን። አምና በጥቅምት ወር ወልደ ሚካኤል የተባሉ ሦስት ሰዎች ተቀብረዋል።

ሦስት። እኔ ዘይነብን አየሁ፣ ዘይነብ እኔን። ከዚያ «ምልክት» የሚለውን ዓምድ አነበብኩ። ጋሼ አየነው ሬሳ ሲታጠብ ቆሞ ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። እኛ ለምን ትደክማለህ እያልን እንቀልድበት ነበር። አንዱ ጎልማሳ፣ ሽበት ያለው። አንዱ ግራ እጁ አንድ ጣት የጎደለው። ሦስተኛው፦ «ልጅ እግር፣ ሰማያዊ ማተብ፣ ሦስት ቋጠሮ፣ ከነማተቡ ተቀበረ።»

እማማ ዝማም አልጮሁም። የራሳቸውን ማተብ በሁለት ጣት ያዙ።

«ሦስተኛውን የቋጠርኩት ሊሄድ ሲነሳ ነው» አሉ።

ቁጥሩን በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

እሳቸው ከወጡ በኋላ መጻፍም እንደሚቻል መሞከር ነበረብን። ዘይነብን «ሙከራ» ብለሽ አንድ ስም ጻፊና እናጠፋዋለን አልኳት። ወላሂ ያልሞተ ሰው እዚህ አልጽፍም፣ ሟርት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም አልጽፍም ነበር። ታዲያ ወረቀት ላይ የተጠራቀሙትን እናስገባ አልኩ። የመቃብር ቁጥር ተራውን ጠብቆ ነው የሚሄደው። ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ አየን። የጋሼ አየነው ነው። አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ሳምንት ሌላ ሟች አልነበረም፤ እሱን ደግሞ በገዛ አካውንቱ ገብቶ ለመመዝገብ የማንም እጅ አልሄደም።

የክርስትና ስሙን አላውቅም። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ዘይነብም ፍትሐቱ ሲደረግ ውጭ ነበረች። ለእትዬ ውዴ ደወልኩ። ገብረ መድኅን አለችኝ። ሃያ ዓመት አውቄው ስሙን ዛሬ ሰማሁ።

እኔ አነበብኩ፣ ዘይነብ ጻፈች። ምልክት የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ምን እንበል? «መነጽሩ ከነመያዣው፣ አብሮት ተቀበረ» አልኳት፤ ይህንንም የነገረችኝ እትዬ ውዴ ናት። አስቀምጥ የሚለውን ነካች። ተቀመጠ። መዝጋቢ በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አየነው፣ አየነው፣ አየነው ይላል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ዘይነብ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሎሪው ከሰዓት ነው የሚነሳው። ጠዋት እማማ ዝማምን ይዤ መቃብሩ ሄድኩ። ቄሱ ቀድመውን ደርሰዋል። ቆርቆሮውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ዝገት በልቶት ቁጥሩን በጥፍሬ ፋቅኩት። እማማ ዝማም ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው አደላደሉት፣ ጠጠሩን ለቀሙለት። የልጅ አልጋ እንደሚያነጥፉ ነበር። ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር በመሐረብ ቋጠሩ። ሦስት ጊዜ።

ሲሳፈሩ እጄን ሳሙኝ። አያድርጉ ብል አልሰሙም። ይህ ምርቃት ለእኔ አይደለም፣ ማተቡን የጻፈው ሌላ ሰው ነው አልኳቸው። እሱንም ነፍሱን ይማር አሉ፣ ስሙን ጠየቁኝ። ገብረ መድኅን አልኳቸው።

ሎሪው ከሄደ በኋላ ተመልሼ መቃብሩ ገባሁ። የእሱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ አፈሩ ገና አልጠነከረም። ዘይነብ በመሃል ደወለች። ሰኞ ትመጫለሽ ወይ ልትለኝ መስሎኝ ነበር። የተጠራቀመውን ወረቀት ሁሉ አስገብታ ጨርሳለች፣ ምንም አላስቸገራትም፣ አትምጪ አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስተካከልኩት ጋሼ፣ አልኩት። ያን ጊዜ፣ በሕይወት ሳለ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ደስ ይለው ነበር።