የተረጨው ግድግዳ

ነሐሴ 22፣ ጠዋት፣ እንጅባራ

ጉም። ከሱቁ በር ላይ ቆሜ አስፋልቱ አይታየኝም። ቀለም ግን በጉምም ይሸጣል። አዲስ ዓመት ሲቃረብ ሰው ሁሉ ግድግዳው ትዝ ይለዋል። ክሬም አልቋል፤ ሰማያዊ እያለቀ ነው። የጫግኒውን ሱቅ የያዘልኝ ባንታየሁ ደውሎ እዚያ ይብሳል፣ ቶሎ ጫን ይላል።

አስማረም ከዚያው ከጫግኒ ደወለ፣ የልጄ የሙሉ ባል። እናቱ ወ/ሮ ዘውዴ ለበዓሉ ቤቱን ከውስጥ ልታስቀባ ነው፤ ሳሎኑን፣ ከዚያ እነሙሉ የሚተኙበትን ክፍል። ሰማያዊ በስጦታ ላክሁ። ሙሉ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አምና የመጀመሪያ ፅንሷን ወባ አስወርዷታል። ዘንድሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የባለቤቴ ፊት ይለዋወጣል።

ነሐሴ 25፣ ከሰዓት፣ ጫግኒ

ሚኒባስ። ወበቅ። ሹራቤን ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅሁ።

አያቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ጫግኒ ገበያ ውሎ ሳይመሽ ዳገቱን ይያያዘው ነበር አሉ። ንዳድ ፈርቶ። ቆላ ማደር ያኔ መሞት ነው። ማስታወሻዬ፣ ቤታችን ብርድ ላይ የተሠራው አገሩ ስላማረን አይምሰልህ፤ ሸሽተን ነው ደጋ የሰፈርነው። ዛሬ ሰው ቆላም ይተኛል፣ ይወልዳል፣ ፎቅ ይሠራል። መድኃኒቱን ተማምኖ።

ሱቁ ሙሉ ነው። አንዱ ደንበኛ፣ የወባ ኬሚካል ረጪዎች ግድግዳውን ጥጃ የላሰው አስመሰሉት እያለ ያማርራል። ለበዓል እንዲህ አይታይም፣ ሊሸፍነው ነው። ሳቅን። ሸጥንለት። ከኋላው መሣሪያውን በጀርባው ያዘለ ረጪ ቆሟል፤ ጓንት ሊገዛ ነው። ጋሎኖቹን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ እኛ እንረጫለን እርስዎ ይከድናሉ። ዛሬ ማታ ቢምቢዋ ትመርቅዎታለች።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቢምቢ ሰው ነክሳ ስትጠግብ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ የተረጨውን ስትነካ ትሞታለች። ቀለም ከላይ ከተቀባ መድኃኒቱ ከሥር ቀረ። ለወራት አትንኩ ብለን ለየቤቱ ነግረናል፣ ማን ይሰማል አለ። ጓንቱን ይዞ ሄደ።

የኔ ሰማያዊ ትዝ አለኝ።

የዚያው ዕለት፣ ማታ

ወ/ሮ ዘውዴ ቤት። ሳሎኑ ተቀብቷል። ያበራል። እሷም እንደዚያው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ቤት ብቻዋን ነው ያቆመችው። ዳንግላ ያሉ እህቶቿ በመጡ ቁጥር ጭቃ ቤት እያሉ ያሽሟጥጧታል። ዘንድሮ አፋቸውን ላስይዝ ነው አለች።

መኝታ ክፍሉ ነገ ይቀባል። ግድግዳው ላይ የመድኃኒቱ ነጭ ነጭ መስመር አለ። ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ አብጧል። አጎበሩ ተሰቅሏል፤ ከውስጡ ግን ይሞቀኛል ትላለች።

ምን አልሁ? መቀባቱ ትንሽ ቢቆይ አይሻልም ወይ አልሁ። እንግዳ ሳይመጣ ነው እንጂ አለች ወ/ሮ ዘውዴ። ከዚያ በላይ አልገፋሁም። የልጄ አማት ናት፤ በሰው ቤት አዛዥ መሆን ከበደኝ። አስማረ መሬት መሬት ያያል።

ነሐሴ 26፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

መላ አገኘሁ። ቀቢው ሳይመጣ ደረስሁ። የላክሁት ቀለም የተበላሸ ነው፣ ደርቆ ይላጣል፣ ሌላ እልካለሁ አልኋት። የተረፈውን ጋሎን ይዤ ወጣሁ። አመሰገነችኝ። በዓሉ እስኪያልፍ ሌላው አይደርስም፣ አበቃ። ማንም አልተቀየመም። ሚኒባስ ላይ ለራሴ ፈገግ አልሁ።

ጳጉሜ 1፣ እንጅባራ

ሙሉ ደወለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። እማማ ሳሎኑም ሊላጥ ነው ብለው ሌሊቱን ሲጨነቁ አደሩ አለችኝ። በማግሥቱ ከሌላ ሱቅ ሮዝ ገዝተው ሳሎኑን ደግመው አስቀቡ፣ መኝታ ቤቱንም ጨመሩ። ያምራል አባባ፣ አለች። ሌሊት ግን ቢምቢ ጆሮዋ ሥር ታፏጫለች።

ለባለቤቴ ነገርኋት። ጎበዝ ነጋዴ አለችኝ።

ጳጉሜ 2፣ ማታ፣ ጫግኒ

ወረድሁ። ሙሉን ቀጥታ ጤ/ጣቢያ ወሰድኋት። ደሟ ተመረመረ። የለም። ነርሷን ሦስት ጊዜ አስደገምኋት፣ ወባ የለም።

ከዚያ ወ/ሮ ዘውዴ ፊት ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። ቀለሙ ደህና እንደነበር። ለምን እንደወሰድሁት። ግድግዳው ምን እንደነበረበት።

ረጪዎቹ ሲመጡ ገበያ ነበረች፤ የነገራት የለም። ከዚያ፣

«ጋሽ ደሴ፣ እኔ ከግድግዳና ከልጅ ግድግዳ የምመርጥ መሰልሁዎት?»

አይደለም አልሁ።

«ታዲያ እንደ ሰው አይነግሩኝም? ይላጣል ብለው ሲያባብሉኝ! እህቶቼ ቢስቁ ይሳቁ፤ ጥርስ አያልቅባቸው።»

ሙሉ እስክትወልድ ደጋ ትውጣልኝ ብዬ ለመንሁ። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። አሰበች። ብቻዋን ከሄደች ጎረቤት አባረሯት ይላል፣ እኔም አብሬ እወጣለሁ አለች። እንግዶቹስ? ዳንግላ ለእንጅባራ ቅርብ ነው፤ እዚያው ይምጡ። አስማረ ያኔ ነው ቀና ያለው፤ እኔስ ምን ልብላ አለ። ቀለሙን ላስ አለችው።

መስከረም 3፣ እንጅባራ

ቤቱ ሞልቷል። ወ/ሮ ዘውዴ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ በዚህ ብርድ ሰው እንዴት ይኖራል እያለች ከባለቤቴ ጋር ትሟገታለች። ሙሉ እንቅልፍ ጠግባለች። የወ/ሮ ዘውዴ እህቶች ትናንት መጥተው ሄዱ። ያሽሟጠጠ የለም፤ በረዳቸው መሰል።

ለባንታየሁ ትእዛዝ ሰጠሁ። ጋሎን ከመደርደሪያ ሳታወርድ ቤትዎ ተረጭቷል ወይ ብለህ ጠይቅ። ተረጭቷል ካለ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለውጭ ግድግዳ ሽጥ። የውስጡን ለምን እንደማንሸጥ ሳታለዝብ ንገረው።

ከቀኑ 9 ሰ.

ባንታየሁ ደወለ። አንዲት ሴትዮ ሁሉንም ሰምታለች፣ ገብቷታል፣ ግን ካልገዛሁ ትላለች። እምቢ ካልናት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ይሸጥላታል። አውቃለሁ። ደንበኛ ናት ይላል። እሱንም አውቃለሁ።

አትሽጥ አልሁት። ስልኩን ለሷ ስጣት፣ እኔው ልንገራት አልሁ።

ያዘች። እንደምን ዋሉ እመቤቴ፣ ቤትዎ ውስጥ ማን ማን አለ? አልኋት።