ቅቤ የተቀባው ጂፕ

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለጥሩብርሃን፤ አሥመራ።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? ጤናሽስ? የነርስነት ትምህርቱስ? ያ ሲበርድ የሚያምሽ ጉልበትሽ የአሥመራን አየር ለመደው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናት፤ ይህን የማውቀው በቀን ሦስት ጊዜ ስለምትቆጣኝ ነው።

የጥር ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አጎቴ፣ የእናቴን የቡና ማሳ አሽጠህ መኪና ከገዛህ ዓይንህን ማየት አልፈልግም» ያልሽውን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስድቡን አልዘለልኩም፤ እንዲያውም ስለጣማት ሁለቴ ደገምኩላት። እንግዲህ እፎይ በይ፤ ማሳው አልተሸጠም፣ መኪናውም አልተገዛም። እንዴት እንደተረፍን ግን ከእኔው ስሚ፤ ሰው ቢነግርሽ እኔን ከልክ በላይ ሞኝ ያስመስለኛል።

የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ማሳው ካለበት ከኢዲዶ ደረቅ ቡናችንን ዲላ ለማድረስ የምንከፍለው የጭነት ኪራይ አንገበገበኝ። የራሳችን መኪና ቢኖረን የኢዲዶን ሰው ቡና በኪራይ እንጭናለን፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሰው እናመላልሳለን ብዬ እናትሽን ወተወትኳት። ከተማው ውስጥ የሚሸጡ ሁለት መኪናዎች ነበሩ። አንዱ ባለ ናፍጣ ትንሽ የጭነት መኪና ሲሆን ዋጋው ሰባት ሺህ ብር ነው። ሌላው የነጋዴው የኡስማን አሮጌ የቤንዚን ጂፕ ነው፤ ሦስት ሺህ። በነዳጅ የናፍጣው እንደሚሻል አጥቼው አይደለም። ነገር ግን ለማሳው የቀረበልን ዋጋ ልክ ሦስት ሺህ ስለነበር፣ ጂፑ ለእኛ የተሠራ መሰለኝ። ግማሽ ደብተር የሚሞላ ሒሳብ ሠራሁ፤ በሒሳቤ መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ባለጠጋ ነበርን።

ለሙከራ ይርጋጨፌ ደርሰን እንድንመለስ ኡስማን ጂፑን ከነሹፌሩ ሰጠን። ንብረት ያለ ምስክር አይገዛም ተብሎ ሦስት ሽማግሌዎችም ተሳፈሩ። ስንመለስ እናትሽ ቅቤ ይዛ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። «እታለም፣ ተይ፤ ገና ሙከራ ነው» ብላት፣ «እዚህ ደጅ የቆመ ንብረት ሳይቀባ አይሄድም» ብላ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር ቀባችው። ሽማግሌዎቹም ቅቤውን ሲያዩ ጊዜ ቆመው መረቁ። ሞተሩ ግሎ ስለነበር ቅቤው እየቀለጠ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥ የተሠራ መስሎት ብቅ ብቅ አለ።

በማግሥቱ ዋጋ ልጨርስ ብሄድ ኡስማን ሦስት ሺህ አራት መቶ አለኝ። «ትናንት ሦስት ሺህ አላልክም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ ወንድይፍራው፣ ትናንት ያልተቀባ ነበራ። ያስመረቃችሁትን ንብረት ጥላችሁ ልትሄዱ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። የተመረቀ ነገር መተው እዚህ እንዴት ነውር እንደሆነ ያውቃል። እኔም በሽቄ እናትሽን «በአንድ ቅል ቅቤ አራት መቶ ብር አቀለጥሽብኝ» አልኳት። አለቀሰች። ለብሩ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ዋጋ ለማስቀነስ ሁለት ሳምንት ተመላለሱ። በዚህ መካከል ነው የቤንዚን ዋጋ የጨመረው፤ ወሬው እናንተም ዘንድ ደርሷል። ማደያው ድረስ ሄጄ አረጋግጬ ተመለስኩና ደብተሬን ገለጥኩ። ይርጋጨፌ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ቤንዚን ተሳፋሪው የሚከፍለውን ሁሉ ይውጠዋል። ማሳው ሄዶ፣ ጂፑ ደጅ ተገትሮ፣ ዶሮ ሲያድርበት ታየኝና ደብተሬን ከደንኩ። ኡስማን ያን ዕለት አራት መቶውን ባይጨምር ኖሮ ተፈራርመን ነበር።

ምርቃቱን ምን እናድርገው ስል ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ተሻለ፣ «እኛ የመረቅነው የዚህ ቤት ንብረት አይጉደል ብለን ነው። ይኸው አልጎደለም» ብለው ገላገሉኝ። ኡስማን አኩርፏል፤ ቅቤውን አጥባችሁ ውሰዱልኝ ይላል።

ለእናትሽ ስነግራት፣ «እኔ መሸጡን መቼ ወደድኩት? አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው» አለችኝ። ልጄ፣ ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርሽ። እምቢ ማለት እንደማትችል እያወቅሁ ነው የጠየቅኋት። አንቺ ከአሥመራ ሆነሽ ያየሽውን እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁም። ከእንግዲህ እሺ ስትለኝ ቀን ሰጥቼ ደግሜ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አብረን በአውቶቡስ ኢዲዶ ሄደን ማሳውን ስንኮተኩት ዋልን፤ እሷ ስታዜም፣ እኔ ወገቤን ስይዝ።

እናትሽ ዘነቡ ዓይንሽን ስማሻለች፤ ለፋሲካ እንዳትቀሪ ትላለች። እኅትሽ ሙሉካ በመንፈቁ ፈተና ከአራተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥታለች፤ ሰላም ብላሻለች። ባለቤቴ ፀዳለ ስድብሽን እኔ ላይ ትጠቀምበታለችና ምስጋናዋ ይድረስሽ።

ዓይኑን ማየት የማትፈልጊው አጎትሽ
ወንድይፍራው

ዲላ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.