ወንዝ ስለተሻገሩት አገረ ገዥና ስም ስለሌለው ድንጋይ

ለክቡር አገረ ገዥ ሮይስ ቲሎትሰን፣
በዋና ከተማችን፣ ከጉልላቱ ሥር

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ቤተሰቤ ለጤናዎ የምንጸልየው ከልብ ነው፤ በተለይም በግዛታችን ወሰን ውስጥ ባሉበት ሰዓት። ወሰኑን ሲሻገሩ ሕገ መንግሥታችን ሥልጣንዎን ለተጠባባቂዎ ስለሚያስረክብ፣ ያን ጊዜ ለማን መጸለይ እንዳለብን ግራ ይገባናል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ ከመስኮት መስኮት መመላለስ ስለሰለቸኝ ነው። ታሪክ ያጠናሁት በዚሁ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ፣ ያስተማረኝ መንግሥት ብጠይቀው አይቀየመኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው። የአያቴ አባት ኢንግቫልድ ኦስትቪግ ገበሬ ነበሩ። በዚያ የድርቅና የአቧራ ዘመን የጎረቤታቸው እርሻ በሐራጅ ሊሸጥ ሲል የስቅላት ገመድ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ዳኛ አስፈራርተዋል ተብለው ወህኒ ወረዱ። በጁላይ አንድ ቅዳሜ የዘመኑ አገረ ገዥ ከነምክትላቸው ወንዙን ተሻግረው ማዶ ካለው ግዛት የፈረስ እሽቅድምድም ሊያዩ ሄዱ። ሥልጣኑም በሕጉ መሠረት በግዛቱ ዋና ጸሐፊ በወይዘሪት ቨርኒስ ቶልማን እጅ ወደቀ፤ እሳቸውም ለኢንግቫልድ ምሕረት ፈረሙላቸው። ኢንግቫልድ የራሳቸውን ልብስ ለብሰው የወህኒው በር ላይ ሲደርሱ፣ አገረ ገዥው ከማዶ ደውለው «መልሷቸው» አሉ። ኢንግቫልድም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ በተከታዩ የብርድ ወራት በረዶው ሳይቀልጥ እዚያው በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ ከቁጥር በቀር ምንም ባልተጻፈበት ድንጋይ ሥር ተቀበሩ።

ልጃቸው፣ አያቴ አርነ፣ የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ ዓይናቸው ሳይከደን የአባታቸው ስም በድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ። የወህኒው ደንብ ግን ስም የሚፈቅደው ምሕረት ላገኘ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ. የታሪክ ክፍል ኃላፊዎ አቶ ዱዌን ፕራግ በጨዋ ደንብ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ወይዘሪት ቶልማን ከአገረ ገዥዎች ተርታ ስላልተቆጠሩ ፊርማቸው ፊርማ አይደለም አሉኝ። «እህቴ፣ ተጠባባቂ ማለት እኮ ጠባቂ ማለት ነው። ቤት ጠባቂ ቤት ይሸጣል እንዴ?» ብለውም ሳቁ። ይህንኑ ለአያቴ ብነግራቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ «እና ባለቤቱ ማዶ ሆኖ ፈረስ ሲያይ ቁልፉ በማን ኪስ ነበር? በይው!» አሉኝ። ብያቸዋለሁ። አቶ ፕራግ ሰዓታቸውን አዩ።

፪ኛ. የቀድሞ አገረ ገዥዎች ሥዕል የተሰቀለበትን መተላለፊያ ዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። መሐላ ፈጽመው ወንበሩ ሳይሞቅላቸው ያረፉት አሉ። አሸናፊው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሲባባሉ በአንድ ቢሮ በሁለት በር የገቡትም ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በጉቦ የታሰሩት እንኳ በወርቅ ክፈፍ ውስጥ ፈገግ ብለዋል፤ እሳቸውም የታሰሩት ኢንግቫልድ በሞቱበት ወህኒ ነው፤ ልዩነቱ የእሳቸው ስም በነሐስ መቀረጹ ነው። ከአጠገቤ ለጉብኝት ከመጡ ተማሪዎች አንዲት ልጅ አስጎብኚውን «ሴቶቹስ የታሉ?» ብላ ጠየቀች። «ይመጣሉ፣ የኔ ቆንጆ፤ ተጠባበቂ» አላት። ልጅቷ ሳታውቀው ተሾመች።

፫ኛ. ሦስተኛው ቅሬታዬ ድካሜ ነው። አያቴ ወደዚያ መቃብር ስወስዳቸው ቁጥሩን በእጅጌያቸው ይወለውሉና «አባዬ፣ ልጅቷ ተምራለች፤ ትንሽ ጠብቀኝ» ይላሉ። ድንጋዩ ይጠብቅ ይሆናል። አያቴ ግን አርጅተዋል፤ እኔም እንደ ወይዘሪት ቶልማን ተጠባባቂ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።

ይህን ሁሉ እስከዚህ ካነበቡ ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ፤ ካላነበቡም ያነበቡልዎትን ተጠባባቂ አመሰግናለሁ።

ወንዙን ቢሻገሩም ባይሻገሩም አክብሮቷ የማይጎድልብዎ፣ ዝምታዋን ግን ከእንግዲህ የማያገኙት፣
የኢንግቫልድ ኦስትቪግ የልጅ ልጅ ልጅ፣
ማርላ ኦስትቪግ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ኖቬምበር ያንኑ ወንዝ ተሻግረው ለወፍ አደን በሄዱበት ሰሞን፣ ተጠባባቂዎ ትልቁን ድልድይ በሟች አባትዎ ስም የሚሰይመውን ሕግ ፈርመውልዎታል። በድልድዩ ባለፍኩ ቁጥር ስማቸውን አነባለሁ፤ አልከፋም፤ ልጅ የአባቱን ስም ማየት ይገባዋል። ነገር ግን የተጠባባቂ ፊርማ የማይሠራ ከሆነ ያ ሰሌዳ መውረድ አለበት፤ አያቴ መሰላል አላቸው፣ የምወጣው እኔ ነኝ። የሚሠራ ከሆነም ለአባታቸው ድንጋይ መሮ አላቸው። የቱን ይዘን እንምጣ?