ተቀባይዋ ክላርኔት

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ሳንባሽ ተሻለሽ ወይስ ብርዱ ጠናብሽ? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያመኛል እንጂ አይዋሸኝም።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። አትሳቂ። እስከ ዛሬ የኔን የሚጽፍልሽ፣ የአንቺንም የሚያነብልኝ ባለቤቴ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ቤት ስገባ፣ "እኔ እያለሁልሽ ፊደል ምን ያደርግልሻል?" ብሎኝ ነበር። ምን እንደሚያደርግልኝ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ቢንገዳገዱ ታገሺኝ።

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ትልቁ ሙዚቃ በከተማው አዳራሽ ቀረበ። ስንት ዓመት ፒያኖው ላይ ተደፍቶ፣ "ድስቱን ቀስ አድርገሽ ክደኚው እንጂ!" እያለ የደረሰው ነው። ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ፤ ጫማዬ ቢጠበኝ ቀስ ብዬ አወለቅኩት። ቫዮሊኖቹ ሲነሱ የጥጥ ለቀማው ዘፈናችን ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም እኔ የማወጣው። ይህስ አልገረመኝም። በወጣትነቱ ቴፑን ተሸክሞ የገጠር ዜማ ሊሰበስብ እርሻው ድረስ ሲመጣ የቀዳው ከኔ አፍ ነው። ከዘፈኑ ጋር ዘፋኟንም ይዞ ሄደ፤ ዘፈኑን ግን የተሻለ ቦታ አስቀመጠው።

አንቺ ያን ጊዜ አግብተሽ ሄደሻል። "ተቀባይዋስ?" ሲለኝ፣ "የለችም፤ የሷን እኔ አልዘፍንም" አልኩት። ደንባችን ነበራ። እኔ ከዚህ ትልም አወጣለሁ፣ አንቺ ከወዲያኛው ትቀበያለሽ፤ አንዷ የሌላዋን አትነካም። ከተጋባን በኋላም ስንቴ ለመነኝ! እስከ ዛሬ ያንቺ ዜማ በአፌ አልዞረም።

እና ቫዮሊኖቹ ዝም ሲሉ አንዲት ክላርኔት ተነሥታ ተቀበለች። በአንቺ ዜማ።

ከሌላ ለቃሚ ሰምቶት ይሆናል አልኩ፤ እርሻው ሁሉ ይሰማሽ አልነበር? ልቤ ሊረጋ ሲል ክላርኔቷ ሳትጨርስ ቀጥ አለች። ትንፋሿን ዋጠች። የቀረውን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምስጢር ጨረሰችው። ከጎኔ ሽቶ ያጥለቀለቀው ሰውዬ ለሚስቱ፣ "አየሽ፣ ሊቅነቱ እዚህ ዝምታ ላይ ነው" አላት። ሊቅነት ሳይሆን የሰው ሳንባ መሆኑን ማን ይንገረው?

ልጅ ሳለን እንዲያ አትዘፍኚም ነበር። ትንፋሽሽ ትልሙን ሙሉ ይወስድሽ ነበር። እንዲያ ስትዘፍኚ የሰማሁሽ አምና ብቻ ነው፤ እናትሽን ቀብረን ግቢው ውስጥ እንደተቀመጥን "እስቲ አውጪልኝ" ብለሽኝ፣ መሃል ላይ ቁርጥ ሲልብሽ፣ "ሳንባዬ ጡረታ ወጣ" ብለሽ በለቅሶ ቤት ያሳቅሽኝ ጊዜ። ባለቤቴ አልነበረም። ልምምድ አለኝ ብሎ ቀርቷል። ስለ ሳንባሽ ከደብዳቤሽ አንብቦ ይሆናል፤ ግን ደብዳቤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥርሽ ይናገራል?

ቤት ስንገባ፣ "ያቺን ክላርኔት ከየት አመጣሃት?" አልኩት።

"ከሕዝብ ነው" አለኝ።

"የቱ ሕዝብ?"

"ሕዝብ ነዋ! ሕዝብ ስም አለው እንዴ?" ብሎ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ቤቱ ይበርድ ነበር፤ እሱ ግን አልቦት ነበር።

ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። መናደድ እጀምርና ዜማው ይመጣብኛል፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምር ነበር። አጨብጭቤያለሁ። በማን እንደቀናሁ እንኳ አልለየሁም። ባሌን ወሰድሽብኝ ብዬ በአንቺ ልቅና? ወይስ እኔ ተቀባይ አጥቼ እዚህ ስኖር እሱ ሲሰማሽ ኖሯል ብዬ በሱ?

በሚቀጥለው ወር ሙዚቃው ይደገማል። የኦርኬስትራው መሪ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ዘፈኑን እንደ ድሮው እንዳወጣው ጠየቀኝ። "ተቀባይ እንፈልግ?" ሲል ባለቤቴ ቀድሞኝ፣ "አትገኝም" አለ። እኔ ደግሞ "ትገኛለች" አልኩ።

ስለዚህ ነይልኝ። እኔ ላውጣ፣ አንቺ ተቀበዪ። ከመዝፈንሽ በፊትም በኋላም ምንም አልጠይቅሽም። ስትዘፍኚ የማየው የሱን ፊት ነው። ብትቀሪም ይገባኛል፤ ግን አትቅሪ።

ከአውቶቡስ ጣቢያው ወደ ቤታችን የሚያመጣውን መንገድ ጽፌልሽ ነበር፤ ሰረዝኩት። መልሼ ደግሞ ጻፍኩት። ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ የማያስፈልግሽ ከሆነ አታንብቢው።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያኑርልሽ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። በሰላም ያገናኘን ልል ነበር፤ ብቻ ያገናኘን።

አብሮ አደግሽ