በመስኮቴ የወጣው ገመድ

ይድረስ ከሁሉ አስበልጬ ለማየው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? ሥራህ ደህና መሆኑን ሳልጠይቅህም አውቃለሁ፤ በቀደም በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ። ከረባትህ ትንሽ ጠሞብህ ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ደግሞ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ጻፍኩትና ሰረዝኩት። ስርዙን ከላይ ታየዋለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩህ። እታለም አንዴ ጠብቂኝ ትለኝና ከሌላ ሰው ጋር ወሬ ትጀምራለህ፤ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የማላውቀውን ስብሰባ ስሰማ እቆያለሁ። ወረቀት ቢያንስ አያቋርጠኝም። ቢሰለችህም አጣጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ እንጂ ጠብቂኝ አትለውም።

መልእክትህ ደርሶኛል። ነጩ የጡት መመርመሪያ መኪና ተመልሶ ሊመጣ ነው፤ ግቢው ይጠረግ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ባለፈው ካንሰር ተገኝቶባቸው ታክመው የዳኑት ሴቶች ይሰብሰቡ፣ ከሕመሙ በኋላ ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ ለጥናትህ ይጠየቃሉ ብለሃል። እሰይ፣ ጥሩ ነው። ከታች ደግሞ ትንሿ እህታችን መዝገብ ላይ ትቀመጥ፣ እሷ እንደሆነ የቤተሰብ ናት፣ ወረፋ አትይዝም ብለህ የሳቅ ምልክት ጨምረህበታል። ያቺን ሳቅ ሳያት ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

እንግዲህ የረሳኸውን ላስታውስህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር የተቀበለህ። ያን የሚያህል መኪና በኛ በር ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እውነትም በደህና አልገባም። ሾፌሩ ወደኋላ ሲመጣ የበሩን ምሰሶ ገጭቶ አጋደለው። እስካሁን እንደተጋደለ ነው፤ ሰዉ ዶክተሩ ትቶልን የሄደው መታሰቢያ ይለዋል። አንተ ከመኪናው ዘለህ ወረድክና አቀፍከኝ። ለሰዎችህም እናቴም አባቴም እሷ ናት፣ በመርፌዋ ነው ያስተማረችኝ አልካቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያች ሰዓት ቤቱን ነቅለን እንውሰድ ብትሉኝ እሺ እል ነበር።

የፈለጋችሁት ግን መብራት ነበር። ጄኔሬተራችሁ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ከስፌት ክፍሌ ወፍራም ገመድ በመስኮት ወጥቶ መኪናው ሆድ ውስጥ ገባ። መብራቴ ደግሞ የራጁን መሣሪያና የኔን ካውያ አንድ ላይ አይችልም፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ድርግም ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ጡቷን ራጅ ልትነሣ ስትል ነርሷ የመኪናውን ግድግዳ በጡጫዋ ትደልቃለች፣ እኔ እሮጥና ካውያውን እነቅላለሁ። ደንበኞቼ የተጨማደደ ልብስ ይዘው ሄዱ። ለልጇ ሠርግ ያሰፋችው ሴትዮ እስካሁን ሰላምታዬን አትመልስም። ቅር አላለኝም። ግድግዳው በተደለቀ ቁጥር እሰይ፣ አንዷ ተረፈች እል ነበር ለራሴ።

የምታለብሷቸው ጋውን አልበቃ ሲል ከሰማያዊ አንሶላዬ ቀድጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹንስ ማን አመጣልህ? መጀመሪያ ዝር ያለ አልነበረም እኮ! ሰዉ ያፍራል፣ ይፈራል፤ ባልየው ማን ፈቀደልሽ ይላል፤ ጡት ለልጅ እንጂ ለመኪና አይሰጥም ብለው ያፈጠጡብህን ባልቴት መቼም አትረሳቸውም። በየቤቱ የዞርኩት እኔ። ልብስ የሰፋሁላቸው ናቸው፣ የሁሉንም ልክ አውቃለሁ፤ እኔ ያላየሁት ምን አለሽና ነው ነጭ ለባሹን ሐኪም የምታፍሪው እያልኩ፣ እያሳቅሁ፣ እየጎተትኩ አመጣኋቸው። ሬዲዮ የምንላትን ጎረቤታችንን፣ ያቺን ወሬ ይዛ ካደረች የሚያማትን፣ አንቺ ካልገባሽ ለሰፈሩ ምን ልታወሪ ነው ብዬ ነው ያስገባኋት። እሷ ላይ ተገኘ። ገና ምስር የምታክል ነገር ናት ተባለ፤ ቶሎ ታከመች፣ ዳነች። አሁን ጸጉሯ ተመልሶ ከበፊቱ በልጧል፣ በሄደችበት ስምህን እየጠራች ስትመርቅህ ነው የምትውለው። እሷን ሳይ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ብግን እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ የቱንም አልደብቅህም።

መኪናው ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሥራው ቀለል አለና እኔም ጋውን ለብሼ ወረፋ ያዝኩ። ፊቴ ያሉት ሴቶች አንቺማ የቤቱ ባለቤት ነሽ፣ እለፊ ቢሉኝ፣ የለም፣ ወንድሜ ሥርዓት ይወዳል ብዬ ቆምኩ። አንተ ከመኪናው ስትወርድ አየኸኝና ሳቅክ። እታለም ምን ትሠሪያለሽ፣ አንቺ እኮ አትገቢም አልከኝ። የጥናቱ ሠራተኛ ዘመድ ጥናቱ ውስጥ አይገባም፤ አንድ ሰው እንኳ ከገባ ዘመዶቹን ሰብስቦ ነው ውጤት ያመጣው ይሉኛል፣ የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ይገባል ብለህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስረዳኸኝ። ክንዴን ይዘህ በቀስታ ከወረፋው አወጣኸኝ። አንቺን ራሴ ሆስፒታል ወስጄ ከዚህ በተሻለ መሣሪያ ነው የማስመረምርሽ፣ እዚያ ሰው አለኝ አልክ። ሴቶቹ ታድለሽ አሉኝ። እኔም ታድዬ ወደ ቤት ገባሁና ጋውኑን አወለቅሁ።

አንድ ነገር ግን አታውቅም። በማግስቱ ሰዎችህ ምሳ ሲወጡ ራጅ የምታነሣዋ ልጅ በመስኮቴ ብቅ ብላ፣ ነይ ስምሽን ሳልጽፍ ላንሣሽ፣ ማንም አያይም አለችኝ። አንድ ሰው እንኳ ከገባ ያልከው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። የወንድሜን ስም አላስነካም፣ እሱ ራሱ ይወስደኛል አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ሄደች። ወይ ነዶ! ከወረፋ ያወጣኸኝን እንኳ አንዳንዴ እረሳዋለሁ። እሷ ጠርታኝ የቀረሁት ነው ቁጭ ብድግ የሚያደርገኝ።

ከዚያማ ጠበቅሁህ። ሳምንት ይሁን አልክ፤ ከጉባኤው ስመለስ አልክ፤ ትንሽ ፋታ ላግኝ አልክ። ጸሐፊህ ድምፄን ከመልመዷ የተነሳ ገና ሃሎ ስል አልገቡም ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን ራሴ ቢሮህ መጣሁ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ሰቅለሃል፤ ግቢዬ፣ መኪናው፣ ከመስኮቴ የወጣው ገመድ ሳይቀር አለበት። ከሥሩ ቀድሞ መመርመር ሕይወት ያድናል ይላል። ከፎቶው ሥር ተቀምጬ ሻይ አመጡልኝ፤ ሻዩን ሳልጨርስ እየሮጥክ ወጣህ፣ ግንባሬን ሳምከኝ፣ ደህና ነሽ አይደል አልከኝና መልሱን ሳትሰማ ደረጃውን ወረድክ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ። እኔ ከአንተ ጠበል ልጥ መንከሪያ እንኳ አላገኘሁም።

ቀሚሴ በግራ በኩል አልቀመጥ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስፌቱን ወቀስኩ። ፈታሁት፣ ለቀቅ አድርጌ ሰፋሁት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ፈታሁት። የሰው ቀሚስ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የጨርቁ እንዳልሆነ ወዲያው እናገር ነበር። በገዛ ገላዬ ላይ ግን ለካ እኔም እንዳንተ ሐኪም ነኝ፣ ነገ እያልኩ አሳደርኩት።

ብቻዬን ሄድኩ። የሄድኩት ያንተ ሆስፒታል አይደለም። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ትሑት፤ እማዬ ነው የሚለኝ። ከዚህ በፊት ተመርምረሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አላውቅም ስለው ምነው፣ ነጩ መኪና እኮ በናንተ ሰፈር ነበር አለኝ። ወረፋው አልደረሰኝም አልኩት። አብሮሽ የሚመጣ፣ ነገሩን የሚያስረዳሽ፣ ከቤተሰብ የጤና ባለሙያ የለሽም ወይ ሲለኝ የለኝም አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፤ የዋሸሁም አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ አወራኝ፣ እኔ የያዝኩት ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛው ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ የሚለው ነው። ሁለተኛው እህት ካለሽ ዛሬ ነገ ሳትል ትታይ የሚለው ነው። ይኼኛውን ደግሞ ደጋግሞ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ናት ይዛኝ የምትመላለሰው። የነገርኳትም ለእሷ ብቻ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ምንም አልሰማም! ያቺ ሴትዮ ዕድሜ ልኳን ወሬ ስታፈስ ኖራ ይቺን አንዷን ዋጥ አደረገቻት። እንዳንተ የተማረች አይደለችም፤ ግን ጠብቂኝ ብላኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ትንሿ ምንም አታውቅም፤ ስከሳ ስታየኝ ሥራ ነው ትላለች፣ ጨጓራ ነው እላታለሁ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ና እና ውሰዳት። ጥናትህ ውስጥ አስገባት አላልኩም፤ ጥናትህ ንጹሕ ይሁንልህ፣ አንድም ዘመድ አይንካብህ። ያ ሰው አለኝ ያልከው ሰው እውነት ካለ ግን እጇን ይዘህ እሱ ጋ ሂድ። ጸሐፊህን አትላክ። ጉባኤ አለኝ አትበል። ራስህ፣ በእግርህ፣ አጠገቧ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስሟ እስኪጠራ ጠብቅ። ለእኔ ያልሆነልህን ለእሷ አድርገው፤ አፈር ስሆን።

እሷ ሳትታይ መኪናው ቢመጣ መስኮቱ አይከፈትም። የስፌት ክፍሌ ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ጋ ነው፤ ትንሿ ውጤቷን ይዛ መጥታ በገዛ አፏ ካልነገረቻት በቀር ብታለቅስም አትሰጥህም። አስምያታለሁ። ዶክተር ነኝ፣ የጥናቱ ኃላፊ ነኝ ብትላት ደግሞ ለሰፈሩ በሙሉ የምታወራው አታጣም፣ እወቀው።

በኔ ነገር እንዳትሯሯጥ። ሰው አለኝ፣ ውጭ አገር እንላካት፣ ሌላ ሐኪም ይያት የምትለውን ሁሉ እዚህ ተቀምጬ እየሰማሁህ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብሃል፣ ለሰውም መሳቂያ ነው። ያን ሩጫህን ለትንሿ አድርገው።

የዳኑትን ሴቶች ትጠይቃለህ ብለሃልና ጠይቅ። ሬዲዮ ብቻዋን የመቅጃህን ባትሪ ትጨርስልሃለች። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እናንተ የዳነውን እየጠራችሁ ኑሮ እንዴት ነው ስትሉ፣ ሌላውን ማን ይጠይቀዋል? ለእሱ የሚሆን ጥያቄ አላዘጋጃችሁም? ተወው፤ አንተ ሥራ ይበዛብሃል።

ለትንሿ ከተረፈው ሰማያዊ አንሶላ ጋውን ሰፍቼላታለሁ፤ በልኳ ነው፣ መሳቢያው ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሆስፒታል የሰው ጋውን ከምትለብስ እሱን ይዛ ትሂድ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልብስ አልሰፋሁም። የሰው ጨርቅም ቤቴ የለም፣ ሁሉንም ለየባለቤቱ መልሻለሁ።

ባንተ ተናድጄ ልጨርስ አልፈልግም፤ ስንት ጊዜ አዝዬህ ወንዝ ተሻግሬ ነው ያሳደግሁህ፣ ትከሻዬ አልረሳህም። ፈጣሪ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ወገብህን ይማርልህ። ስንት ያላየሃቸውን ሴቶች ያተረፈ እጅህ ይባረክ፤ የቤትህንም ሰው የምታይበት ዓይን ደርቦ ይስጥህ። ትንሿን አደራ፣ አደራ፣ አደራ።

እታለም የምትለኝ፣
እህትህ

ልረሳው ነበር፦ ትንሿ ከታየች በኋላ መሣሪያችሁን ከጠዋት እስከ ማታ እንደልባችሁ አሠሩት። ነርሷም ግድግዳ መደለቅ አያስፈልጋትም። ካውያውን ነቅዬዋለሁ።