የሦስተኛው መስኮት ማገጃና የወንድሜ ዓይን

ለተከበሩ የክፍያ ፈጣን መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በተሰበሰቡበት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተትረፈረፈ ጤና እመኛለሁ። ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ደህና ይሁኑልኝ። በተለይ ሁለቱም ዓይኖችዎ ደህና ይሁኑልኝ፤ ሁለት ዓይን ይዞ ከእንቅልፍ መነሳት ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ቤተሰባችን ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ በሚገባ ተምሯል፤ አስተማሪያችንም እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናችንን ሳናቀርብ ማለፉ ነውር መስሎ ታይቶናል።

እኔ ከመንገድዎ መግቢያ አጠገብ ባለው ሰፈር የምኖር ብረት በያጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው በሥራ ቤቴ ውስጥ፣ የብረት ብናኙን ከጠረጴዛው ላይ በክንዴ ጠርጌ ነው። እናቴ ባልዲ ደፍታ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንድም የስድብ ቃል እንዳላስገባ አስምላኛለች፤ አንዱን አንቀጽ በጨረስኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ያልጣማትንም ታስወጣለች። ከላይ ካለው ሰላምታ ብቻ አራት ቃላትና አንድ የቤት እንስሳ አስወጥታለች። ስለዚህ ደብዳቤው ጨዋ ሆኖ ከደረሰዎ ምስጋናው የእሷ ነው እንጂ የእኔስ ደም ከፈላ ሰንብቷል።

ክቡርነትዎ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ «ማገጃ ሰብሮ ለማምለጥ የሞከረ ሕገ ወጥ አሽከርካሪ» ሲሉ የጠሩት ሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰፈሩ ኤሊ ይለዋል። ሥራው በፒካፕ የመስኮት መስታወት ማመላለስ ነው፤ መስታወት የጫነ ሰው ደግሞ አይሮጥም፣ ኤሊ ግን ባዶውንም ሲሆን አይሮጥም። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራዋን ሊወስድ ሲሄድ ሚዜዎቹ ወርደው በእግራቸው ቀድመውት ደርሰዋል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሊያመልጥዎት ሞከረ የተባለው። አቤቱታዬን እንደ ወጉ በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ማገጃዎ ድሮ ዓይን ነበረው። ከሥሩ መኪና መኖሩን የሚያይና ብረቱ እንዳይወርድ የሚከለክል ትንሽ ሴንሰር ነው፤ ሠራተኞችዎ ራሳቸው «ዓይኑ» ነው የሚሉት። ታዲያ አንዳንድ ብልጣ ብልጥ ሾፌሮች ከከፈለው መኪና ጭራ ላይ ተለጥፈው፣ ብረቱ ሳይወርድ አብረው ሹልክ ማለት ለመዱ። ክቡርነትዎ ተለጣፊዎቹን ማስያዝ ሲችሉ የማገጃዎቹን ዓይን በሙሉ አስጠፉ፤ ብረቱ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ማንም ይኑር ማን በደቂቃ ሽርፍራፊ እንዲወርድም አዘዙ። ቀላሉን አሉሚኒየምም አስነቅለው ሰው የሚያህል ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ አስተከሉ። ይህን ብልሃት ላፈለቀው ጭንቅላት ያለኝን አድናቆት በዝርዝር ጽፌ ነበር፤ እናቴ አስወጥታዋለች።

፪ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ኤሊ በሦስተኛው የክፍያ መስኮት ቆመ፤ ከፈለ። መልሱን ተቀበለና ቆጠረው። ገንዘብ ተቀባይዋን አመሰገናት፣ ቀበቶውን ማሰሩን አየ፣ የኋላ መስታወቱን አየ፣ ከዚያ ማርሽ አስገብቶ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ብረትዎ በዚህ ሁሉ ትዕግሥቱ አልቆ ነበርና በፊት መስታወቱ በኩል ጋቢናው ውስጥ ገባ። ኤሊ ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ ከኋላ የጫነው መስታወት ማሰሪያውን በጥሶ በጀርባው መጣበት። ሲያወጡት ፊቱ ፊት አልነበረም፤ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ የገባውን ስባሪ ሆስፒታል ስደርስ እኔ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጣት ያህላል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በመንገድዎ ላይ ደንብ አክብሮ የከፈለ፣ የቆጠረ፣ ያመሰገነና ቀበቶ ያሰረ ሰው ሽልማቱ ይህ ከሆነ፣ ለተለጣፊዎቹ ያዘጋጁላቸው ምን ይሆን? እነሱማ እስከ ዛሬ ጭረት አልነካቸውም።

፫ኛ. ጥበቃዎችዎ ለሥራቸው ያላቸውን ፍቅር ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ብረቱ ተጣሞ ሲያዩ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ደም የለበሰውን ሰው በኮሌታው ጎትተው አስፋልት ላይ አነጠፉትና በዱላ ቀጠቀጡት። ከሁሉ የበለጠ የተጋው ቦክሰኛው የሚባለው የጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ሦስት የጎን አጥንት የእሱ ድርሻ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ከመስኮቷ ወጥታ «ከፍሏል! ኧረ ሰውየው ከፍሏል! የሰው ያለህ!» እያለች ስትጮህ በክርኑ ብሎ ጥርሷን ሰበረው። በማግስቱም እርስዎ ያለ ፈቃድ መስኮት ጥላ በመውጣቷ ከሥራ አገዷት። ያቺን ልጅ ሆስፒታል ውስጥ አገኘኋት፤ አፏን በመሐረብ ይዛ የወንድሜን ጫማ ከደም ታጥባለች። አላወቅኋትም ነበርና ማን ነሽ ብላት፣ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለችኝ።

ያን ቀን ወደ ሥራ ቤቴ ተመልሼ በትልቁ መዶሻ የራሴን የብረት በር ቀጠቀጥኩት። ምን ያድርግ በሩ? እጄ ሌላ የሚፈልገው ነገር ነበር፣ የሚፈልገው ግን እዚያ አልነበረም፤ በአጥርና በጥበቃ ተከቦ ስብሰባ ላይ ነበር። እናቴ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ስድብ የለባትም ብላ አሳለፈቻት።

፬ኛ. ወንድሜን የጫነው አምቡላንስ በእርስዎ በር ሲያልፍ ከፍሏል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

፭ኛ. አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ወንድሜ በሰፈራችን ሆስፒታል፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በካቴና ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ ተኝቷል። የታሰረው መሥሪያ ቤትዎ ንብረት አውድሟል ብሎ ስለከሰሰው ነው። ሐኪሟ ለእናቴና ለእኔ በሚገባን ቋንቋ አስረድታናለች፤ ቀኙ አልቆለታል፣ ነገር ግን ያለቀለት ዓይን በጊዜ ካልወጣ ደህነኛውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የሚያወጣለት የዓይን ሐኪም ያለው ደግሞ በመንገድዎ ማዶ ጫፍ ባለው ትልቁ ሆስፒታል ነው። ትናንት ማታ ግራ ዓይኑ መቅላትና ብርሃን መፍራት ጀምሯል። ሐኪሟ ከነገ ወዲያ አላለችም፤ ነገ ነው ያለችው።

የሚጠብቀው ፖሊስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ውኃ ያጠጣዋል፣ ትራሱን ያስተካክልለታል። ከሳሹ መሥሪያ ቤት አንዲት መስመር ይጻፍልኝና አሁኑኑ ልፍታው፣ እኔም ዓይን አለኝ አለኝ። ያቺን መስመር ፍለጋ አራት ቀን ደጅዎ ጠናሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ በሚያምር ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ ጉዳዩ ለኮሚቴ መመራቱን፣ ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሰበሰብ፣ እስከዚያው ለወንድሜ በትዕግሥት እንዲጠብቅ እንድነግረው አሳሰቡኝ። ዓይኑ በሚቀጥለው ሳምንት አይኖርም ብላቸው፣ ይህ ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ውጭ ነው አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ወንበሩን ግን አልሰበርኩም፤ ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

፮ኛ. ስድስተኛውን እናቴ ሙሉ በሙሉ ስላስወጣችው ወደ ሰባተኛው አልፋለሁ።

፯ኛ. የወንድሜ ፒካፕ እስከ ዛሬ ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ቆሟል። ከመንገዱ ሳይወጣ ለሰነበተበት ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚታሰብበት የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁ። ወይ ጉድ! አልኩ እንጂ ሌላ ምን ልበል? ወረቀቱ የተለጠፈው በተሰበረው የፊት መስታወት ላይ ስለሆነ በማግስቱ ነፋስ ወስዶታል፤ ሌላ ይለጥፉልን።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። ወንድሜ ትናንት ብርሃን ስለፈራ ፊቱን በፎጣ ሸፍነንለት ነበር። ከፎጣው ሥር ሆኖ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ዓይን ላለው ሰው መንጃ ፈቃድ ይሰጣሉ ወይ? ይሰጣሉ አልኩት። አላውቅም፣ ግን ይሰጣሉ አልኩት። ቀስ ብዬ እነዳለሁ በላቸው አለኝ። እንግዲህ ነገርኩዎ፤ ቀስ ብሎ ይነዳል። በዓይኔ መጣችሁብኝ የሚለውን ነገር ሰዎች ሲሉት ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው። ክቡርነትዎን በዚያች ሰዓት በእጄ ቢያስገባልኝ ኖሮ እናቴም ባላስጣለችዎት፤ ለነገሩ እጆቿ ተጨብጠው ነበር።

እነሆ እናቴ የማታስወጣው ጥያቄዬ። ነገ ጠዋት፣ ገና ሰው ሥራ ሳይገባ፣ ወንድሜን ይዤ በመንገድዎ አልፋለሁ። ያቺ መስመር ዛሬ ለፖሊሱ ከደረሰች ካቴናው በቁልፍ ይፈታል። ካልደረሰች ብረት መቁረጫ ፍሌክስ አለኝ፤ የባቡር ሐዲድ የሚቆርጥ መጅ ያለው ፍሌክስ ለአንዲት ካቴና ያንሳል ብለው አይስጉ። ፖሊሱ በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት እንደሚሄድ ነግሮኛል። ለእሱ አንዳች ቢደርስበት ደግሞ የሚኖሩበትን ሰፈር ስለማውቅ ስመለስ እንነጋገርበታለን።

ማለፊያውንም እከፍላለሁ፤ እኛ ያለ ክፍያ ማለፍ የምንፈልግ ሰዎች አይደለንም። ገንዘቡን ዘርዝሬ በደረት ኪሴ ይዣለሁ፣ በሦስተኛው መስኮት ሳልፍ እወረውርልዎታለሁ። መልስ ግን አልጠብቅም፤ መልስ መጠበቅ የሚያመጣውን አይተናል። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብረቱን ያስነሡልኝ፣ መኪናዬም እስኪያልፍ ተነሥቶ ይቆይ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ጫማዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር፣ ብርሃንዎም በሁለቱም በኩል እንዲበራ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከመጠን ያለፈ አክብሮት ከነመዶሻዬ አቀርባለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና ቋሚ ከፋይ፣
የኤሊ ታላቅ ወንድም፣ በያጁ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው (ለሚያምረው ወንበር)
ለገንዘብ ተቀባይዋ (ከምስጋና ጋር)
ለቦክሰኛው (ነገ ጠዋት እረፍት እንዲወስድ)

ተጨማሪ፦ ልረሳው ነበር። ከትናንት በስቲያ የግዢ ሠራተኛዎ ወደ ሥራ ቤቴ መጥቶ ነበር። ማገጃውን አጣመመ የተባለው ሰው ወንድም መሆኔን አላወቀም፤ በሰፈሩ የተሻለ ብየዳ የማነው ብሎ ሲጠይቅ ወደ እኔ ላኩት። ለሁሉም መስኮቶች ከአሁኑ የባሰ ወፍራም፣ ማንም ቢገጨው የማይበገር የማገጃ ብረት አዘዘኝ። ትእዛዙን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሁለቱ አልቀዋል፤ ሥራው እንዲያኮራዎ ስፌቱን ደጋግሜ በይጄዋለሁ። አንደኛውን ጫፉን ወደ ፊት አውጥቼ በአሮጌው የጭነት መኪናዬ ሻሲ ላይ ገጥሜዋለሁ። ነገ ጠዋት የእርስዎ ብረት ከተነሣ ያለ ምንም ግጭት አስረክብዎታለሁ። ካልተነሣ ግን የትኛው እንደሚጠነክር አብረን እናያለን፤ ለእኔው ሥራ ዋስትና እሰጣለሁ።

ይህን ለእናቴ ሳነብላት በእርግጠኝነት ታስወጣዋለች ብዬ እርሳሴን አዘጋጅቼ ነበር። ከባልዲው ላይ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሌላኛውን ብረት ትንሽ አየችውና፣ ሁለተኛውን ለማን እያስቀመጥክ ነው አለችኝ። ስለዚህ እሱንም መኪናው ላይ ለመበየድ ኤሌክትሮድ ልለውጥ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃለሁ።