የትምህርት ቤቱ አትክልት ከአንተ በኋላ

ሙሌ፣ የኔ ሰው፣

ሙት ዓመትህን ዘክረን ዘመድ ወደየቤቱ ከተበተነ ወዲህ ቤቱ እንደገና ጭር ብሏል። አንድ ክረምት ያለ አንተ አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ ግን አትጠይቀኝ። ልጃችን ሐና ቡሬ ተመድባ ማስተማር ጀምራለች፤ እሑድ እሑድ በሚኒባስ ትመጣለች። የጓዳው ቆርቆሮ ያፈሳል። ፍኖተ ሰላም ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች፤ አንተ ጠመኔ እንደነካህ በእግርህ ትወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በእግሩ የሚወጣው ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ የማወራልህ ዋናውን ነገር መናገር ፈርቼ ነው።

አትክልቱ የለም፣ ሙሌ።

ያንን የአትክልት ክበብ ስትጀምር ጎረቤቶቻችንን ወይዘሮ አበበችንና መሪጌታ ዘውዱን፣ እኔንም ጨምረህ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ጠፍ መሬት አልምተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ መትከል ስናስተምር ወላጅ ሁሉ አልወደደልንም። ከገጠር የመጣችውን የዚያችን እናት ንግግር ታስታውሳለህ? «መምህር፣ መቆፈሩማ እቤቱስ መች ጠፋ? እኔ ልጄን የላክሁት ከዶማ እንዲያመልጥልኝ ነው» አለችህ። አልተቆጣህም። «እውነትዎን ነው፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ተምሮም ግን መብላቱ አይቀርም» ብለህ አንድ ካሮት ከነአፈሩ ነቅለህ ሰጠሃት። ሳትወድ ሳቀች። አንተ ግን ቤት ገብተህ «ሴትዮዋ እኮ ልክ ናት» እያልህ ስትተክዝ አመሸህ። እኔ የወደድሁህ ለዚህ ነበር።

በጥር ርእሰ መምህሩ እኛን የክበቡን ሰዎች ጠርቶ በቦታው ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍል ሊሠራ መሆኑን ነገረን። ልጆች ዳስ ውስጥ ተፋፍገው እየተማሩ ምን እንላለን? መሪጌታ «ትምህርት ቤት ሲሠራ የሚቃወም ሰው ምን ይባላል?» አሉ። ወይዘሮ አበበች አለቀሱ። እኔ «አዝመራው እስኪነሣ ብቻ ታገሡን» ብዬ ለመንሁ። ርእሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ትእዛዙ ከበላይ ነው፤ ሰኞ ቁፋሮ ይጀመራል» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከልጆቹ ጋር ሆነን ችግኙን ነቀልን፤ የሚተርፈውን ለየቤታቸው አደልናቸው። አንተ ያዳቀልሃት አቮካዶ ግን ሥሯ ጠልቆ ኖሮ አልነቀል አለች። ሰኞ ሲቆርጧት ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ቆመው ያዩ ነበር።

ክፍሉ ቢሠራ ኖሮ እጽናና ነበር። መሠረቱን ቆፍረው፣ ጥቂት ድንጋይ ደርድረው ሄዱ። ለምን እንደቆመ የሚነግረን ጠፋ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «በቅርቡ ይቀጥላል» ይባላል፣ ሰዉም ያጨበጭባል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ። ልጅ እንዳይገባበት ፈርተን መሪጌታና እኔ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። ልጆቹ ዛሬም ዳስ ውስጥ ናቸው። ክበቡም ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው እየቀረ ተበተነ፤ ሰው ምን ሊሠራ ይሰብሰብ? አንዳንዴ ንዴቴ ወደ አንተ ይዞራል። ይህን ሁሉ ጀምረህ፣ ለማን ብለህ ነው ትተኸው የሄድኸው?

ከሁሉ የከፋኝ ግን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች ነገር ነው። አንተንም አትክልቱንም አያውቁም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የጓሯችንን በር ከፈትሁላቸው። እንደ አንተ ማስተማር የት አውቃለሁ? የመጡትም ጥቂት ናቸው። ጎመን ስንተክል አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀና ብላ «እማማ፣ እርስዎ መምህር ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም ልጄ። የመምህር ሙሉጌታ ሚስት ነኝ» አልኋት።

«መምህር ሙሉጌታ ማነው?»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ የጎመኑ መደብ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኋት። አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ፣ ለጠየቀኝ ልጅ ሁሉ ቁጭ ብዬ እነግራለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ